የጎንደርን ግንብ ማን ሠራው?

ከደባርቅ እስከ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባለፈው ወር ጠመኔና ደብተር ላመጣ ሄጄ ነበር። ጉዳዬን ስጨርስ ጊዜ ተረፈኝና ወደ ፋሲል ግቢ ገባሁ።

ዐፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት በ1628 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ነገሥታቱ ብዙ ጊዜ በድንኳን ይዞሩ ነበር። ሠራዊቱ አንድ አገር ላይ ይሰፍራል። የአገሬው እህልና ማገዶ ሲያልቅ ይነሳል። የፋሲል ግንብ ግን የድንጋይና የኖራ ነው፤ እንደ ድንኳን አይነቀልም። በኋላ የነገሡትም በየተራ ሌላ ግንብ ጨመሩበት። የግቢው አጥር ዙሪያው 900 ሜትር ነው። 12 በሮች አሉት። የግብር አዳራሽ አለው፤ የፈረስ ቤትም፣ የአንበሳ ቤትም አለው።

ተመልሼ ይህን ሳወራ አንድ አዛውንት ተማሪዬ፣ «ልጄ፣ እሱንማ ፈረንጅ ነው የሠራው» አሉኝ። ብዙ ሰው እንዲህ ይላል። ዐፄ ፋሲል ግን የፖርቱጋል ቄሶችን ያባረሩት ጎንደር ሳይቆረቆር ነው። እርግጥ ከህንድና ከፖርቱጋል የመጣ ጥበብ ገብቶበታል።

«ታዲያ ማን ገነባው?»

ከግንበኞቹና ከአናጢዎቹ ብዙዎቹ ቤተ እስራኤሎች ነበሩ አልኋቸው። የዚሁ የስሜን፣ የወገራና የደምቢያ ሰዎች ነበሩ። እዚህ ተራራ ላይ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ተዋግተው ተሸነፉ። ከዚያ ወዲህ ብዙዎቹ ርስታቸውን አጡ። ርስት የሌለው በምን ይኑር? በእጁ ነዋ! ግንብ ገነቡ፣ ማረሻ ቀጠቀጡ፣ ሸክላ ሠሩ። እኛስ ምን አልናቸው? ቡዳ አልናቸው።

ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዲት እናት፣ «እኔም ልጄ ሲያመው ብያለሁ» አሉ። ማንም አልሳቀ። እኔም ልጅ ሳለሁ ከቀጥቃጭ ቤት ውሃ አልጠጣም ብዬ ነበር። እሱን ግን ያን ቀን አልተናገርሁም። አፍሬ ነው።

ጎንደርን በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ አቃጠሏት። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ አቃጠላት። ጣሊያንን ለማስወጣት በተደረገው ጦርነትም የእንግሊዝ አውሮፕላን ግቢውን ደብድቦታል። የፋሲል ግንብ ግን ቆሟል። ከቤተ እስራኤሎች አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል አገር ሄደዋል።

በማግስቱ የምንጽፈውን ቃል አዛውንቱ መረጡ፦ ግንበኛ። «ኛ» አስቸገረቻቸው። ሦስት ጊዜ አጥፍተው ጻፏት።