በካርቱም ሙቀት ረጅም መንገድ በሞተር ሳይክል

በካርቱም ከሚያዝያ እስከ ሰኔ የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። በዚህ ወቅት ረጅም መንገድ ለሚነዳ ሞተረኛ ዋናው አደጋ ነፋሱ ራሱ ነው። የቆዳ ሙቀት 35 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ የጋለ ነፋስ በገላ ላይ ሙቀት ይጨምራል፤ ላብንም ሳይታወቅ ያደርቃል። ስለዚህ ጃኬት አውልቆ መንዳት፣ ለጊዜው ደስ ቢልም፣ ክፉ ስህተት ነው። የሚበጀው ውሃ የጠጣ ካናቴራ ከውስጥ ለብሶ ጃኬቱን መዝጋት፣ ትንሽ አየር ብቻ ማስገባት ነው፤ የካናቴራው ውሃ ቀስ እያለ ሲተን ገላን ያቀዘቅዛል። በካርቱም ሰፈሮች ለመንገደኛ ጥላ ሥር የሚቀመጠው የሸክላ ጋን፣ ዚር፣ የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው፤ በገላው የሚያዣው ውሃ ሲተን የውስጡ ይቀዘቅዛል።

ተዋናዮቹ ኢዋን ማክግሬገርና ቻርሊ ቡርማን በ1999 ዓ.ም. ከስኮትላንድ ወደ ኬፕታውን በሞተር ሳይክል ሲጓዙ ሱዳንን አቋርጠው ኢትዮጵያ ገብተዋል። ከካርቱም በገዳሪፍ ወደ መተማ ለሚሄድ ሞተረኛ ሌሊት መነሳት፣ ሳይጠማ መጠጣት፣ ከውሃው ጋር ጨው መውሰድ ግድ ነው። በሙቀቱ ንግግሩ የተንተባተበ ወይም ግራ የተጋባ ሰው ወዲያው ከሞተሩ ይውረድ፤ ጥላ ሥር ሆኖ መላ ገላው በውሃ ይራስ፣ ሐኪም ይጠራለት።