አዲሱን ባቡር ያስረጀሁበት ምክንያት

ሰው ሁሉ አዲስ ዕቃ ሲያገኝ በንጽሕና ለመያዝ ይጥራል። እኔ ግን ዘንድሮ አዲስና የሚያብረቀርቅ ዕቃ ተሰጥቶኝ ሳለ፥ ጥቀርሻና ዝገት የያዘው ለማስመሰል ከሁለት ወር በላይ ደክሜበታለሁ። ነገሩን የሰሙ ጓደኞቼ አንዳንዶቹ ሳቁብኝ፤ አንዳንዶቹም «ከምታቆሽሸው ለእኔ ብትሰጠኝ ምን ነበረበት?» አሉኝ። ስለዚህ ምክንያቴን በዓመታዊው መጽሔታችን ላይ ለመግለጽ ስለተፈቀደልኝ ደስ ይለኛል።

በእኛ በደብረ ብርሃን አካባቢ አረጋውያን «ባቡር» ሲሉ ብዙውን ጊዜ የእህል ወፍጮውን ማለታቸው ነው። ቃሉ ራሱ በመሠረቱ «እንፋሎት» ከሚለው የፈረንጆች ቃል የመጣ ሲሆን፥ በአገራችን ለወፍጮውም ለምድር ባቡሩም መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ወፍጮው በየሰፈራችን አለ፤ የምድር ባቡር ግን ወደ ከተማችን መጥቶ አያውቅም። እኔም የእንፋሎት ባቡር ያየሁት በሥዕል ብቻ ነበር።

በጀርመን አገር የምትኖረው አክስቴ ባለፈው ዓመት በትምህርቴ ጥሩ ውጤት በማምጣቴ አንዲት ትንሽ የእንፋሎት ባቡር አምሳያ ከነሐዲዷ ላከችልኝ። ይህች ሎኮሞቲቭ ተገጣጥማና ቀለም ተቀብታ የተሸጠች ናት፤ ሐዲዱ ላይ አስቀምጠው ኤሌክትሪኩን ሲያገናኙት ወዲያው ትሄዳለች። ትልቅነቷ ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያነሰ ነው። ሰውነቷ ጥቁር፥ መንኰራኵሮቿ ቀይ፥ ሁለመናዋም እንደ መስተዋት የሚያበራ ነበር።

ደስታዬን ለመካፈል ወደ አያቴ ወስጄ በእጃቸው ላይ አኖርኋት። አያቴ ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ ሲሆን ዓይናቸው ስለ ደከመ ማናቸውንም ነገር አቅርበው ነው የሚያዩት። አገላብጠው አዩዋት፤ በጣታቸው ዳሰሷት፤ በመጨረሻም አሸተቷት።

«ጥሩ ዕቃ ናት» አሉ። «ነገር ግን ልጄ፥ ይህች ባቡር መንገድ ወጥታ አታውቅም።»

እንዲህ ማለታቸው መሠረት ነበረው። የአያቴ ዘር ከአንኮበር ነው፤ የተወለዱት ግን በ1933 ዓ.ም. በድሬዳዋ ነው። አባታቸው ከአንኮበር ቁልቁል ወርደው፥ ቆላውን አቋርጠው፥ በድሬዳዋ የባቡር እሳት አንዳጅ ሆነው ተቀጠሩ። አያቴም በልጅነታቸው የአባታቸውን ምሳ ቋጥረው ወደ ጣቢያው ያደርሱ ነበር። አባታቸው ሲሞቱ እናታቸው ልጆቻቸውን ይዘው ወደ አንኮበር ተመለሱ። ከዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ፎቶግራፍ እንኳ አልተረፈም።

በዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በንጉሥ ምኒልክ ዘንድ ለማገልገል ወደ አንኮበር የመጣው በ1871 ዓ.ም. ነው። በ1886 ዓ.ም. ደግሞ ዐፄ ምኒልክ የምድር ባቡር እንዲያሠራ ፈቃድ ሰጡት። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ርዝመቱም ወደ 780 ኪሎ ሜትር ነበር። ከዚያ በፊት ከባሕር ዳርቻ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ በአልዩ አምባ ገበያ በኩል ወደ አንኮበር ይወጣ ነበር። እንግዲህ መሐንዲሱ በአንኮበር በር ገባ፤ ባቡሩ ግን በሌላ በኩል አለፈ፤ ንግዱም ባቡሩን ተከትሎ ሄደ። የአያቴ አባትም የሄዱት ንግዱን ተከትለው ነው።

የአያቴ ንግግር ከልቤ አልወጣ ስላለኝ ባቡሪቱን መንገድ የወጣች ላስመስላት ቆረጥሁ። ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ቡናማ ቀለም ገዝቼ፥ በውሃ አቅጥኜ፥ ከጭስ ማውጫዋ እስከ መንኰራኵሯ ቀባኋት። ሲደርቅ በኩራት ወደ አያቴ አቀረብሁ። እርሳቸውም እስኪያነባ ድረስ ሳቁ።

«ይህች ባቡር ሠርታ አይደለም፤ ጭቃ ውስጥ ወድቃ ነው!» አሉ። ቀጥለውም «ዝገት ዝም ብሎ አይመጣም። ውሃው የሚፈስሰው በየት ነው? አመዱ የሚወርደው ወዴት ነው? የሰው እጅ የሚይዘው የቱን ነው? መጀመሪያ ይህን ጠይቅ» አሉኝ።

አፈርሁ፤ ነገር ግን ትምህርት አገኘሁ። በሙቅ ውሃ የራሰ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ቁራጭና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይዤ ቀለሙን በሁለት ምሽት አለቀቅሁ። ከዚያም በደብተሬ ላይ ሦስት ዓምድ አሰመርሁ፤ በመጀመሪያው «ቦታው»፥ በሁለተኛው «እድፉ»፥ በሦስተኛው «ምክንያቱ» ብዬ ጻፍሁ። አያቴ እየተናገሩ እኔ እየጻፍሁ ሦስት ገጽ ሞላን።

በጭስ ማውጫው ዙሪያና በነጂው ክፍል ጣራ ላይ ጥቀርሻ ይተኛል፤ ጭሱ ወደ ኋላ ስለሚነፍስ ነው። ከፊት ያለው የጭሱ ሣጥን ሙቀቱ ቀለሙን ስለሚያቃጥለው አመድማ ይሆናል፤ ከታቹም ይዝጋል። ከፊሽካውና እንፋሎት ከሚያመልጥባቸው ቦታዎች ነጭ መስመር ወደ ታች ይወርዳል፤ ውሃው ሲተን በውስጡ የነበረው ኖራ ስለሚቀር ነው። ውሃ የሚሞላበት አፍ ዙሪያውን ይዝጋል። መንኰራኵሩን የሚያዞሩት ዘንጎች ግን አይዝጉም፤ ዘይት ስለማይለያቸው ጥቁርና ወዛም ናቸው። ከሁሉ በታች ያለው ክፍል የአገሩን አፈር ይለብሳል፤ የድሬዳዋ ባቡር የቆላውን አቧራ እንደ ለበሰ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ሥራው በሥርዓት ሆነ። በመጀመሪያ ከአዲስ አበባ ባስመጣሁት በማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ብርሃኗን አጠፋሁ። ቀጥሎም ከባቡሪቱ ጋር አብሮ የተቀረጸውን የፕላስቲክ እጅ መያዣ በምላጭ ላጭቼ፥ ከተቃጠለ ሞተር ጥቅልል ባገኘሁት ቀጭን የመዳብ ሽቦ ተካሁት። ቀዳዳውን የበሳሁት በቡሽ ላይ በተሰካ መርፌ ነው። በከሰል ማኖሪያዋ ውስጥ የነበረውን የፕላስቲክ ከሰል አውጥቼ እውነተኛ ከሰል በሙቀጫ አድቅቄ በሙጫ አጣበቅሁበት።

ለእድፉ የተጠቀምሁባቸው ነገሮች በየቤታችን የሚገኙ ናቸው። ጥቀርሻውን ከማድ ቤታችን ጣራ፥ ነጩን ከትምህርት ቤት ጠመኔ፥ ቀዩን ከተፈጨ ሸክላ አገኘሁ። ሁሉንም በሻሽ ነፍቼ በለስላሳ ብሩሽ ነሰነስሁ። ጭረትና ጠርዝ ላይ የብረት መልክ ለማውጣት እርሳስ ማሸት ይበቃል። በዚህ ጊዜ የተረዳሁት ነገር ቢኖር እድፉም እንደ ባቡሪቱ መጠን ማነስ እንዳለበት ነው። 1 ሚሊ ሜትር የሆነች የዝገት ነጥብ በእውነተኛው ባቡር ላይ ወደ 9 ሴንቲ ሜትር ትሆናለችና፥ እጅ የበዛበት እንደ ሆነ ወዲያው ያስታውቃል። ዱቄቱ እንዳይራገፍ በላዩ ቫርኒሽ ሲነፉበት ደግሞ መልኩ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ አንዳንዱን ቦታ ሦስት ጊዜ ደጋግሜዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ማታ ሥራው ተፈጸመ ብዬ ቤተ ሰቡን ሰብስቤ ባቡሪቱን ሐዲድ ላይ ባኖራት ንቅንቅ አልል አለች። የተበላሸች መስሎኝ እንባዬ መጣ። በኋላ ግን ሳስተውለው ጥፋቱ የእኔ ነበር። ኤሌክትሪኩ ከሐዲዱ ወደ ሞተሩ የሚደርሰው በመንኰራኵሮቹ ብረት በኩል ነው፤ እኔ ደግሞ ቫርኒሹን ስነፋ መንኰራኵሮቹን በወረቀት መሸፈን ረስቼ ነበር። በማግስቱ ከፋርማሲ አልኮል ገዝቼ በጥጥ እያራስሁ ሐዲዱን የሚነካውን ክፍል ብቻ ወለወልሁ። እናቴ በሩን ስትከፍት ሽታው ስለ ተቀበላት «አረቄ ቤት ከፈትህብኝ እንዴ?» አለች። ከሰዓት በኋላ ባቡሪቱ ተንቀሳቀሰች።

በመጨረሻም በጎኗ ላይ «ድሬዳዋ» ብዬ በነጭ ቀለም ልጽፍ አሰብሁ። አያቴ ግን ከለከሉኝ። በሐዲዱ መካከል ያለውን ስፋት በጣታቸው ለክተው «ይህ የእኛ አይደለም፤ የእኛ ጠባብ ነበር» አሉ። ሒሳቡን ሠርቼ ባየው እውነታቸውን ነው። የአሻንጉሊቱ ሐዲድ 16.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በ87 ሲባዛ 1,435 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ የቀድሞው የአገራችን ሐዲድ ስፋት ግን 1,000 ሚሊ ሜትር ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መንገድ ነው 1,435 የሆነው።

«ስሟን ዋሽተን አንጽፍም» አሉ አያቴ። «የሥራ እድፉ ግን እውነት ነው፤ የትም አገር ያለ ባቡር ሲሠራ እንዲሁ ይሆናል።» ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ ደግሞ ጣታቸውን በነጂው ክፍል መስኮት ጠርዝ ላይ አሳረፉ። «ይልቅስ እዚህ ላይ ቀለሙን አስለቅቀው» አሉኝ። «አባቴ ባቡሩ ሲቆም ወደ ውጭ ብቅ ብለው ክርናቸውን የሚያሳርፉት እዚህ ነበር። ከመታሸቱ ብዛት ብረቱ እንደ ብር ያበራ ነበር። እኔ ምሳቸውን ይዤ ስመጣ መጀመሪያ የማየው እርሱን ነው።»

ያን ቀን ማታ በጣም በቀጠነ ብሩሽ ሠራሁት። 1 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ቦታ ነው። ከሁለት ወር ሥራ ሁሉ ልቤ የደነገጠው በዚያች ነጥብ ላይ ነው፤ እጄ እንዳይንቀጠቀጥ ትንፋሼን ይዤ ነበር።

አክስቴ ለፋሲካ መጣች። ባቡሪቱን ባየች ጊዜ ፊቷ ተለወጠ። «ምን ነካህ? እንዲህ አድርገህ ልታበላሻት ነው የላክሁልህ?» አለችኝ። እኔም የምመልሰው ጠፍቶኝ አቀረቀርሁ። አያቴ ግን ከተቀመጡበት «ነይማ፥ ልጄ» ብለው ጠሯት። «አያትሽን አላየሻቸውም። ነይ፥ ክርናቸውን የሚያሳርፉበትን ላሳይሽ።»

አክስቴ አጠገባቸው በርከክ ብላ፥ ባቡሪቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርባ ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ በኋላ አልተቆጣችም። «እስቲ አስኪዳት» ብቻ አለችኝ። ባቡሪቱም በጠረጴዛው ላይ ዞረች፤ አያቴም በዓይናቸው ሊከተሏት ባይችሉ በድምፅዋ እየተከተሏት አንገታቸውን ያዞሩ ነበር።

የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ሆይ፤ ማናቸውም ሰው ዕቃውን ያቆሽሽ ማለቴ እንዳልሆነ ትረዱልኛላችሁ። እኔ ግን ከዚህ ሥራ በኋላ እድፍ ሳይ ምክንያቱን መጠየቅ ለምጃለሁ። ዱሮ እናቴ ከወፍጮ ቤት ፀጉሯና ነጠላዋ በዱቄት ነጥቶ ስትመጣ ከጓደኞቼ ጋር ከሆንሁ ቀድሜ መንገድ እቀይር ነበር። ዛሬ ግን ከባቡር ስትመለስ ባገኛት ሸክሟን እቀበላታለሁ፤ ዱቄቱም በእኔ ላይ ይራገፋል።