ሰንጋና ኮርማ በአንድ ግርግም

በየበዓሉ ገበያ ቁመናው ያማረ፣ ወገቡ የሞላ ወይፈን ቀድሞ ይሸጣል። ገበሬው አይፈረድበትም፤ ገንዘቡ ያስፈልገዋል። ግን ፈጥኖ ያደገው ለቢላዋ ሲሄድ ከላሞቹ ጋር የሚቀረው ገዢ ያጣው ከሲታ ነው፤ የመንደሩ ጥጆችም የእሱ ልጆች ይሆናሉ። ይህን ስንደጋግም ኖረን «የአበሻ ከብት አያድግም» እንላለን። ከቦረና የሄደው ከብት ግን ኬንያ ውስጥ በአርቢዎች እጅ ትውልድ በትውልድ እየተመረጠ ሌላ አገር ድረስ የሚፈለግ የሥጋ ዘር ሆኗል። መነሻ ደሙ የእኛው ነው።

ስለዚህ ኮርማ አሳድጎ ለዘር መሸጥ ትልቅ ሥራ ነው። ችግሩ ብዙዎች ከማድለብ ጋር ያምታቱታል። ማድለብስ እናውቅበታለን፤ የሐረርጌ ገበሬ በእጁ እያጎረሰ የሚያወጣው ሰንጋ ምስክር ነው። ሰንጋ ግን ወራት በልቶ ይታረዳል፤ ኮርማ ዓመታት ማገልገል አለበት።

ከልክ በላይ የወፈረ ኮርማ በቆለጡ ከረጢት አንገት ላይ ስብ ያጠራቅማል። ቆለጥ ከቀረው ሰውነት ጥቂት ዲግሪ ካልቀዘቀዘ ጤነኛ ዘር አይሠራም፤ ስቡ ደግሞ ሙቀቱን ያፍነዋል። እግሩና ሰኮናውም ይጎዳል። ስለዚህ መሠረቱ ጥሩ ድርቆሽና እርጥብ ሣር ይሁን፤ ፉርሽካውና የኑግ ፋጉሎው በልክ ይጨመር፤ ጨውና ንጹሕ ውሃ አይጓደል። የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ረክሶ ቢገኝ እንኳ ለኮርማ ይቅር፤ በውስጡ ያለው ጎሲፖል የዘር ፈሳሹን ያበላሻል። ዘሩ ተሠርቶ እስኪበስል ሁለት ወር ያህል ስለሚፈጅ፣ ገበያ ሲቃረብ መቀለብ የሚያሳምረው ቆዳውን ብቻ ነው።

ገዢም ጀርባ መዳበሱን ይተውና ይጠይቅ። እናቱ በቀን ስንት ሊትር ትታለብ ነበር? አባቱ የትኛው ነው? ቆለጦቹ እኩል ናቸው? ለብሩሴሎሲስ በሽታ ተመርምሯል? አንድ ጎልማሳ ኮርማ በአንድ የርቢ ወቅት ከ20 እስከ 30 ላም ያጠቃል፤ እንከኑም በዚያው ልክ ይባዛል። ሴት ልጆቹ ለርቢ ሲደርሱ ደግሞ ከመንጋው መውጣት አለበት፤ አለዚያ የገዛ ልጆቹን ያጠቃል።

ሻጮች ሆይ፣ የትውልድና የወተት መዝገብ ያዙ። ገዢዎችም መዝገብ ለሌለው ኮርማ ከሰንጋ ዋጋ በላይ አትክፈሉ።