የሁለት ሌሊት አማና



አዘጋጆቹ ከግቢው ተመርቀን የወጣን ስለምንሠራው ሥራ እንድንጽፍ ሲጠይቁ ደስ እያለኝ ተቀበልኩ። ሥራዬን ማስረዳት ግን ሁልጊዜ ይከብደኛል። ነርስ ነኝ ስል ሰው ወዲያው "የትኛው ሆስፒታል?" ይለኛል። ሆስፒታል አይደለም፤ ቤት ነው። ስድስት መኝታ ክፍል፣ አንድ ሰፊ ወጥ ቤትና በጓሮው ዥዋዥዌ ያለው ተራ ቤት።

እዚህ ግቢ ነርስነት ተምሬ ጥቂት ከሠራሁ በኋላ ትዳር ወደ እንግሊዝ ወሰደኝ። እዚያ የነርስነት ትምህርት አራት ዘርፎች አሉት፦ የአዋቂዎች፣ የሕፃናት፣ የአእምሮ ጤና እና የአእምሮ እድገት ውስንነት። አራተኛው ራሱን የቻለ የሦስት ዓመት ዲግሪ እንደሆነ ስሰማ ገረመኝ። እኛ በክፍላችን ስለዚህ ጉዳይ ከአንድ ምዕራፍ ያለፈ አልተማርንምና። ገብቼ አጠናሁት፤ አልሐምዱሊላህ፣ አሁን የምሠራው በእሱ ነው።

ወደ ቤታችን የሚመጡት ልጆች የሚኖሩት ከወላጆቻቸው ጋር ነው። አንዱ በወር ሁለት ሌሊት፣ ሌላው ሦስት ሌሊት እኛ ጋ ያድራል። አርብ ከትምህርት ቤት ይመጣል፣ እሑድ ከሰዓት ይሄዳል። አገልግሎቱ "አጭር እረፍት" ይባላል። አንዳንዶቹ መናገር አይችሉም። አንዳንዶቹ በዊልቸር ይንቀሳቀሳሉ፣ በሆዳቸው በኩል በገባ ቱቦ ይመገባሉ። ብዙዎቹ የሚጥል በሽታም አለባቸው። አንዳንዱ ደግሞ ጤነኛና ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን አደጋን ስለማያውቅ በር ከተከፈተ በቀጥታ ወደ መኪና መንገድ ይሮጣል። የእሱ እናት ዘመኗን ሁሉ ቁልፍ በአንገቷ አንጠልጥላ ነው የኖረችው።

ሥራው ልጁ ከማደሩ ከሳምንታት በፊት ይጀምራል። መጀመሪያ ከእናቱ ጋር ለሻይ ይመጣል። ቀጥሎ እራት በልቶ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ነው አንድ ሌሊት የሚሞክረው። በዚህ መሀል ከእናቱ ጋር ቁጭ ብለን የልጁን መዝገብ እንጽፋለን። አዎ የሚለው እንዴት ነው? ሲያመው ምን ያደርጋል? የሚያስፈራው የትኛው ድምፅ ነው? ብርድ ልብሱን እስከ ደረቱ ነው ወይስ እስከ አንገቱ የሚለብሰው? ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሐኪም የለም፤ የምታውቀው እናት ናት። የመጀመሪያው የነርስነት ሥራ ከእሷ መማር ነው።

አርብ ማታ መድኃኒቱን ከእናቱ ጋር አንድ በአንድ እንቆጥራለን። የመጣው ስሙ በተጻፈበት በፋርማሲው ማሸጊያ መሆን አለበት፤ በፌስታል የተጠቀለለ አንቀበልም። ሁለት ሰው ይፈርማል። የመመገቢያው ፓምፕ በሰዓት ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚሰጥ ይመዘገባል። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ የራሱ የጽሑፍ እቅድ አለው። አብዛኛውን ጊዜ መንቀጥቀጡ አምስት ደቂቃ ካለፈ ሚዳዞላም የተባለው መድኃኒት በጉንጩና በድዱ መካከል ይሰጠዋል፤ አምቡላንስ መቼ እንደሚጠራም በዚያው እቅድ ተጽፏል። ሌሊቱን ሙሉ የማይተኛ ተረኛ አለ። ሱብሒን ሰግጄ ኮሪደሩ ላይ ስቆም የስድስት ልጆችን ትንፋሽ ለይቼ የማውቅባቸው ሌሊቶች አሉ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እንዳትስቁ። ሁለት ጊዜ ተመርቄ አዘውትሬ የምሞላው ቅጽ የሰገራ ቅጽ ነው። ሰገራን በመልኩ በሰባት ዓይነት የሚከፍል፣ በመላው ዓለም የታወቀ ሰንጠረዥ አለ። ለምን ይጠቅማል? አንድ የማይናገር ልጅ ነበረን፤ ስሙን አልጠራም፣ መለያውንም ቀይሬያለሁ። በአንድ ወር ውስጥ ጠባዩ ተለወጠ። ሆዱን ይደበድባል፣ እጁን ይነክሳል፣ ምግብ ይገፋል። በየሄደበት "ይኼ ከሁኔታው ነው፤ እንደዚህ ያሉ ልጆች እንዲህ ያደርጋሉ" ተባለ። የእኛን ቅጽ ከቤቱና ከትምህርት ቤቱ ጋር ስናስተያይ ልጁ በደንብ ሆዱን ሳያጸዳ ከአሥር ቀን በላይ ሆኖታል። ሕመሙ የከፋ ድርቀት ነበር። ታከመ፣ መንከሱም ቆመ። ድርቀት ተራ ነገር ይመስላል፤ እንደነዚህ ባሉ ሰዎች ላይ ግን ችላ ከተባለ ይገድላል። የልጁን ሕመም የሸፈነው የራሱ ስም ነው፤ "እንዲህ ዓይነት ልጅ" የሚለው ስም። የእኔ ሙያ ከዚያ ስም ጀርባ ያለውን ልጅ ማየት ነው።

አሁን ወደ እናቶች ልመለስ፤ ይህን የምጽፈው ይልቁንም ስለ እነሱ ነው።

አንዲት የወሎ እናት በአካባቢያችን አለች። እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇ አትራመድም፣ አትናገርም፣ ሌሊት ሌሊት መንቀጥቀጥ ይይዛታል። አባትየው ሌሊት ታክሲ ይነዳል። እናት ልጅቷን በእጇ እያነሳች ወገቧ ተጎድቷል። ለአጭር እረፍት ሁለት ዓመት ሙሉ ተጠይቃ እምቢ አለች። እኔ አማርኛ ተናጋሪ መሆኔን ሰምታ ነው ሻይ ልትጠጣ የመጣችው።

"እህቴ፣" አለችኝ፣ "አላህ ለእኔ የሰጠኝን አማና ለሰው ጥዬ እንዴት ዓይኔ እንቅልፍ ያይለታል? ሰውስ ምን ይለኛል? ሰለቻት አይሉም?" ቀጥላም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "የሰብሬን አጅርስ አላጣም?" አለች።

ዓሊም አይደለሁም፤ ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ አልሰጠሁም። የመስጂዳችንን ኢማም እንድትጠይቅ ነገርኳት፤ ባለቤቷ ወሰዳት። ኢማሙ ሰውነቷም በእሷ ላይ ሐቅ እንዳለው፣ ሌሎቹ ልጆቿም ሐቅ እንዳላቸው አስረዷት። አማናን የሚጠብቅ ሰው ማግኘት አማናን መጣል አይደለም አሏት።

እኔ ደግሞ በሙያዬ የምችለውን አደረግሁ። የሚያስጨንቃትን ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቅኋት። ሥጋው ሐላል ነው ወይ? አንደኛው መድኃኒቷ በጀላቲን እንክብል ነው የሚመጣው፤ ጀላቲኑ ከምን ነው? ልጄን ማን ያጥባታል? የምትተኛው ቁርኣን እየሰማች ነው፤ ማን ይከፍትላታል? ሁሉንም በመዝገቡ ጻፍነው። ፋርማሲስቱ መድኃኒቱን በፈሳሽ መልክ አገኘልን። የሚያጥቧት ሴቶች ብቻ እንዲሆኑ ተወሰነ። ትንሽ ድምፅ ማጉያ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጠ፤ የትኛው ቃሪእ እንደሚከፈትም ተጻፈ። ዐረብኛ የማያውቁት የሥራ ባልደረቦቼ ዛሬ ድምፁን ለይተው ያውቁታል።

በመጀመሪያው ሌሊት እናትየው አምስት ጊዜ ደወለች። የመጨረሻው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ስልኩን ወደ ልጅቷ ትንፋሽ አስጠጋሁላት። በሁለተኛው ወር ሁለት ጊዜ ደወለች። በሦስተኛው አንድም አልደወለችም፤ ደነገጥኩና እኔ ደወልኩ። የሰባት ዓመት ወንድ ልጇ አነሳው፤ "እማዬ ተኝታለች፣ አትቀስቅሷት!" ብሎ ዘጋብኝ። እሑድ ስትመጣ የነገረችኝ ሌላ ነው። ቅዳሜ ያን ልጅ ይዛ ወደ መናፈሻ ሄዳ ነበር። "ከተወለደ ጀምሮ እጁን ብቻ ይዤ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው፤ ሌላው እጄ ሁልጊዜ ዊልቸር ላይ ነበር" አለችኝ።

ልጅቷስ? ሰው የሚረሳው እሷን ነው። እረፍቱ የእናት ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኛ ጋ እኩያዋ የሆነች ጓደኛ አፍርታለች። በቃል አይነጋገሩም፤ ጓደኛዋ ስትገባ ግን የልጅቷ እግሮች መንፈራገጥ ይጀምራሉ። ሁሉም ልጅ እንዲህ ይወደዋል ማለት አይደለም። ሳምንት በሳምንት በሩ ላይ የሚያለቅስ ልጅ ካለ ሌሊቱ ይቀነሳል፣ ወይም ቀን ብቻ ይመጣል። ልጁን እያስጨነቁ እናትን ማሳረፍ የተበላሸ ሥራ ነው።

በእንግሊዝ ይህ አገልግሎት በሕግ የተደገፈ ነው። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2011 ጀምሮ የሚሠራ ደንብ የአካባቢ አስተዳደሮች አካል ጉዳተኛ ልጅ ለሚያሳድጉ እረፍት እንዲያቀርቡ ያዛል። በደንቡ የወደድኩት አንድ ሐሳብ አለ። እረፍት የሚገባው "ከእንግዲህ አልቻልኩም" ብሎ ለወደቀ ወላጅ ብቻ አይደለም፤ ቢያርፍ ልጁን ይበልጥ አሳምሮ መንከባከብ ለሚችልም ነው። እናት እስክትወድቅ መጠበቅ አያስፈልግም ማለት ነው። በተግባር ሁሉም ሙሉ አይደለም። በጀት ሲጠብ የሌሊቶቹ ቁጥር ይቀነሳል፤ ሠራተኛ ሲጠፋ አልጋ ባዶውን ያድራል። ልጁ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው ደግሞ የእኛ ቤት በር ይዘጋበታል፤ የአዋቂዎቹን አገልግሎት እስኪያገኝ እናቱ እንደገና ብቻዋን ትቀራለች።

ወደ አገራችን ስመለስስ? እረፍት የሚባለው ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። አያት ልጅ ትይዛለች፣ ጎረቤት "ሂጂ እኔ አየዋለሁ" ትላለች። ግን የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ ሲሆን ጎረቤቱ ይሸሻል፤ ከፍርሃት ነው፣ ካለማወቅም ነው። "ጂን ነው"፣ "ቡዳ ነው"፣ "የወላጆቹ ጥፋት ነው" ይባላል። እናት በሩን ዘግታ ትቀመጣለች፤ ለሠርግ አትወጣ፣ ለሐዘን አትወጣ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ (አላህ ይዘንላቸው) ለኦቲስቲክ ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ቢያጡ በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። የአንዲት እናት እምቢተኝነት የስንቱን ቤት በር እንደከፈተ ከእሳቸው እንማራለን። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 28 ላይ በድህነት ለሚኖሩ አካል ጉዳተኞችና ቤተሰቦቻቸው ከሚደረገው የመንግሥት ድጋፍ መካከል ይህንኑ የእረፍት እንክብካቤ ይጠቅሳል። የሕግ ተማሪዎች፣ ይቺን አንቀጽ አንብቧት።

ለሌሎቻችን ደግሞ በጀት የማይጠይቁ ጥቂት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ በሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ያላት እናት ካለች ሂዱና ተዋወቁ። "ምን ሆኖ ነው?" ብላችሁ አትጀምሩ፤ "ምን ይወዳል?" በሉ። ሁለት ሆናችሁ፣ እሷ ባለችበት፣ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ከልጁ ጋር ተጫወቱ። ብቻችሁን ከልጁ ጋር አትሁኑ፤ እነዚህ ልጆች የደረሰባቸውን መናገር ስለማይችሉ ጥንቃቄው ለእነሱም ለእናንተም ነው። እናትየው ስታምናችሁ ጎረቤት ሄዳ ቡና ትጠጣለች። አጭር እረፍት ማለት ይኸው ነው።

ሁለተኛ፣ መስጂድ ውስጥ የሚጮህ ልጅ ካለ ወደ እናቱ ዞራችሁ አትገላምጡ። ዳግመኛ ላትመጣ ትችላለች።

ሦስተኛ፣ የሚጥል በሽታ ያንቀጠቀጠው ሰው ስታዩ ክብሪት ጭራችሁ አታሽትቱት፣ በአፉም ማንኪያም ሆነ ጣት አታስገቡ፣ ጨምድዳችሁም አትያዙት። ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ ሰዓት ያዙ፣ መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎኑ አስተኙት። አምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ዱዓ አድርጉ፣ ሩቃም ይደረግለት፤ መድኃኒቱን ግን አታስቁሙት። ሁለቱ አይጣሉም።

የነርስነት ተማሪዎች፣ ለእናንተ የተለየ መልእክት አለኝ። ይህ ዘርፍ ጭብጨባ የለውም። የምታክሙት ልጅ ድኖ አመስግኗችሁ አይሄድም፤ በሚቀጥለው ወርም እንደዚያው ሆኖ ይመጣል። ግን አንዲት እናት መድኃኒቱን አስቆጥራ፣ ፈርማ፣ ልጇን ስማ፣ ቁልፏን ከአንገቷ አውልቃ ስትወጣ ታያላችሁ። እስከ እሑድ ድረስ ያ ቁልፍ በእናንተ እጅ ነው።

አላህ አማናችንን የምንጠብቅ ያድርገን፤ ለእነዚያ እናቶችም እረፍትን ይስጣቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

እህታችሁ፣ የቀድሞ የጀመዓው አባል