ዕድሜ ይጨምርልሽ

የኅዳር ሲታጠን ጭስ ገና ከሰፈሩ አልለቀቀም ነበር። የሚካኤል ማግስት፣ ኅዳር 13 ቀን 2018፣ ሽሮ ሜዳ እኛ ቤት ቡና ተፈልቶ፣ ከዝክሩ የተረፈው ድፎ ተቆርሶ ተቀምጠናል። እማዬ የልጆቿን ልደት የምታስታውሰው በታቦት ነው። ታናሽ እህቴን "አንቺ የሚካኤል ማግስት፣ በ88" ትላታለች። ሠላሳ መሙላቷን ስንነግራት ስኒውን አስቀምጣ ተነሣችና መረቀቻት፤ "ዕድሜ ይጨምርልሽ ልጄ!" እህቴ አሜን ያለችው አንገቷን አቀርቅራ ነው። ለምን እንዳቀረቀረች ከእኔ በቀር ያወቀ አልነበረም።

እህቴ ነርስ ናት። ጉለሌ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ስምንት ዓመት ሠርታለች። አሁን የካናዳ ፕሮሰስ ላይ ናት፤ ኤክስፕረስ ኢንትሪ በሚሉት መንገድ። ካናዳ ሰውን በነጥብ መመዘን የጀመረችው በ1967 እ.ኤ.አ. ነው። ከየት አገር መጣህ የሚለው ቀርቶ ምን ተማርክ፣ ምን ሠራህ፣ ቋንቋህ እንዴት ነው ተባለ፤ ለኛ ዓይነቱ ሰው በር የከፈተ ለውጥ ነበር፣ ይህን አልክድም። ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባለው አሠራር ትዳር የሌለው አመልካች ከ20 እስከ 29 ዓመቱ ድረስ ለዕድሜው 110 ነጥብ ያገኛል። 30 ሲሞላው 105 ይሆናል፤ 31 ላይ 99፣ 35 ላይ 77፣ 40 ላይ 50፣ 45 ላይ ዜሮ። በፓስፖርቷ የእህቴ ልደት ኖቬምበር 23 ነው፤ የዘንድሮው ኅዳር 13 ደግሞ አንድ ቀን ቀድሞ ዋለ። እማዬ ቆማ ስትመርቃት 110ሩ ሊቀንስ የቀረው አንድ ሌሊት ነበር።

ሽሮ ሜዳ ላደገ ሰው መሄድ እንግዳ ነገር አይደለም። የአሜሪካ ኤምባሲ ሰፈራችን ነው። በጠዋት ፎልደር አቅፎ የሚሰለፈውን ሰው፣ "ዲቪ እንሞላለን" የሚለውን ማስታወቂያ እያየን ነው ያደግነው። ዲቪ ግን ዕጣ ነው። የደረሰውን "እግዜር አየው" እንለዋለን፤ ጎረቤት እልል ይላል፤ እሱም እናቱን ጥሎ የሄደ አይመስለውም፤ ዕጣው ወሰደው። ነጥብ እንዲህ አይደለም። መንገዱን በየማታው በገዛ እጅህ ትሠራዋለህ። እህቴ ከአዳር ተመልሳ ሁለት ሰዓት ተኝታ ለአይልትስ ስትነሣ፣ እማዬ ቁርስ ታቀርብላትና "በርቺ" ትላታለች። ለምን እንደምትበረታ ሁለቱም ያውቃሉ። አያወሩትም።

እኔን የሚያንገበግበኝ የሥራ ልምዱ ነው። ከካናዳ ውጭ የተሠራ ሥራ ነጥቡ ሦስት ዓመት ላይ ይቆማል። ስለዚህ የእህቴ ስምንት ዓመት ከሦስት ዓመት እኩል ነው። አንድ ሌሊት የሆነውን ነግራኝ ነበር። አንድ ኪሎ ተኩል የምትመዝን ሕፃን፣ ደም ስሯ አልገኝ ብሎ ሁለት ጀማሪ ነርሶች ሞክረው አቃታቸውና እሷ ተጠራች። አልቸኮለችም። የሕፃኗን እግር በመዳፏ ይዛ እስኪሞቅ ጠበቀች፤ ከሥር በስልኳ መብራት አበራችበት፤ ክር የምታክል ጥላ ታየቻት፤ በአንድ ጊዜ ገባላት። በሦስተኛ ዓመቷ ይህን እንደማትችል ራሷ ናት የነገረችኝ። ያንን እጅ የሰጧት ከዚያ በኋላ ያሉት አምስት ዓመታት ናቸው። በነጥቡ ሰንጠረዥ ላይ ግን እነዚያ ዓመታት ያሉት ዕድሜ በሚለው መስመር ብቻ ነው፤ እዚያም ተቀንሰው።

ባለሙያ ሲሄድ "ከዳን" የሚሉ ሰዎች አሉ። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዛቸው ሲጮኹ የት እንደነበሩ ልጠይቃቸው እወዳለሁ። እህቴ ማንንም አልከዳችም። ግን እዚያም ስምንት ዓመቷን የሚያይላት የለም፤ እዚህም አልታየላትም። ነጥቡ ሞልቶላት ብትገባ እንኳ በነርስነት ለመሥራት እንደገና ማስረጃ ማስመርመር፣ ፈቃድ ማውጣት አለባት።

ገንዘቡም አለ። ለብቻው የሚሄድ ሰው ከ15 ሺህ የካናዳ ዶላር በላይ በስሙ ማሳየት አለበት፤ የተበደረው አይቆጠርለትም። ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ሳለ ማጠራቀም ጀምራ፣ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በኋላ የሚፈለግባት ብር ከእጥፍ በላይ ሆነ።

አሁን ተስፋዋ ፈረንሳይኛ ነው። ካናዳ አመልካቾችን በምትመርጥበት አጠቃላይ ዙር ከ500 ነጥብ በላይ ሲጠየቅ፣ ፈረንሳይኛ ለሚችሉ ከ400 በታች የወረደባቸው ጊዜያት አሉ። ስለዚህ ከፈረቃ በኋላ ፒያሳ አሊያንስ ልትማር ትሄዳለች። ማታ ማታ ጮክ ብላ ስታጠና እማዬም ትሰማለች። አንድ ቀን "ላ ጋር" ብላ ባቡር ጣቢያ ማለት እንደሆነ ስትነግራት፣ እማዬ "እና ለገሃር በይዋ!" ብላ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ፈረንሳይኛውን የምታውቀው ይመስላታል።

በልደቷ ማግስት ማታ ደብተሩን ሰጥታኝ "ጠይቀኝ" አለች። ስም፣ ሥራ፣ የምትኖርበት ሰፈር። ዕድሜ ጋ ስደርስ፣ ጥቅምት ላይ በጻፈችው መሠረት "ቫንት ነፍ" አለችኝ፤ ሃያ ዘጠኝ። ከዚያ ዝም አለች። ደብተሩን ከእጄ ወስዳ በእስክሪብቶ ሰረዘችውና ከላዩ "ትራንት" ብላ ጻፈች። "እንደገና ከመጀመሪያው ጠይቀኝ" አለች።