የሞደሙ ጩኸት፣ የራውተሩ ዝምታ

ኢንተርኔት አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ኮምፒውተርን ከውጭው ዓለም ጋር የሚያገናኘው ተራው የስልክ መስመር ነበር። በመስመሩና በኮምፒውተሩ መካከል ሞደም ይቀመጣል፤ ሞደሙም ሥራውን ሁሉ በአደባባይ ነበር የሚሠራው። መስመሩን ሲያነሳ የስልኩ ድምፅ ይሰማል። ቁጥሮቹን ሲደውል ይሰማል። ከወዲያ ማዶ ያለው ሞደም ሲያነሳለት ሁለቱ እያፏጩና እየጮኹ በምን ፍጥነት እንደሚነጋገሩ ይደራደራሉ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ጸጥ ይላል። ገብተናል ማለት ነው።

ብዙ ሰው ያንን ጩኸት አይወደውም ነበር። እኛ ዓይነ ስውራን ግን እንወደው ነበር፤ ሁሉን ይነግረናላ! ሞደሙ ሲጀምር የስልኩ ድምፅ ካልተሰማ ገመዱ ተነቅሏል፤ ወይም ሌላ ክፍል ያለ ሰው ስልኩን አንስቶ እያወራ ነው። አጫጭር ድምፅ ከተደጋገመ መስመሩ ተይዟል፤ ትንሽ ቆይቶ መሞከር ነው። ፉጨቱ ተጀምሮ ደጋግሞ ከተቋረጠ መስመሩ ጥራት የለውም። በሰከንድ 33 ኪሎቢት በሆነ ፍጥነት አራት ሜጋባይት የምታክል አንዲት ዘፈን ለማውረድ ሩብ ሰዓት በሚፈጅበት በዚያ ዘመን፣ ግንኙነቱ የት ላይ እንደተበላሸ ከክፍሉ ሰው ሁሉ ቀድመን የምንናገረው እኛ ነበርን። ዓይናማዎቹ ጓደኞቻችን ስክሪኑ ላይ የወጣውን መልእክት እስኪያነቡ፣ እኛ ገመዱን ዳስሰን መልሰን ሰክተን እንጨርስ ነበር።

ኮምፒውተር ያስተማሩን መምህር ራሳቸው ዓይነ ስውር ነበሩ። የመጀመሪያው ትእዛዛቸው «ማውሱን ወደ ጎን አድርጉልኝ» የሚል ነው። ከዚያ የእያንዳንዳችንን እጅ ይዘው የሁለቱን እጆች ሌባ ጣት ሁለት ቁልፎች ላይ ያሳርፋሉ። ኤፍ እና ጄ የተባሉት ቁልፎች ላይ ትንሽ ጉብታ አለች፤ ዛሬም ከሞላ ጎደል በማንኛውም ኪቦርድ ላይ አለች፤ ዳስሱና እዩ። «ልጄ፣ ጣትህ እነዚህ ላይ ካረፈ የቀረው ሁሉ በቦታው ነው» ይሉ ነበር። ታብ ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግራል፤ ሺፍት ሲጨመርበት ወደ ኋላ ይመልሳል፤ አልት ከኤፍ 4 ጋር ይዘጋል። እኔ እስከ ዛሬ ከጎኔ ቁጭ ብሎ በማውስ ከሚሠራ ሰው የማንስበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ያ ሁሉ የእሳቸው ትምህርት ነው።

የሚያናግረን ፕሮግራም ጃውስ ይባል ነበር። የመጀመሪያውን ጃውስ እ.ኤ.አ. በ1989 ለገበያ ያቀረበው ቴድ ሄንተር የሞተር ብስክሌት ተወዳዳሪ የነበረ አሜሪካዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በመኪና አደጋ ዓይኑን ካጣ በኋላ ፕሮግራም መጻፍ ተማረ። ጃውስ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ያነብባል። ዋጋው ወደ 1000 ዶላር ገደማ ስለነበር በእኛ ኪስ የሚሞከር አልነበረም። ፈቃዱ ያልተገዛ ጃውስ ደግሞ የሚሠራው ለ40 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ ተዘግቶ መከፈት አለበት። አርባ ደቂቃው ሊያልቅ ሲል ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የኪቦርድ ድምፅ ራሱ ይለወጥ ነበር፤ ሁሉም ሰው ኮንትሮልና ኤስ እየተጫነ ሥራውን ያስቀምጣል።

ትልቁ ችግር ግን አማርኛው ነበር። ጃውስ የሚያውቀው እንግሊዝኛና ሌሎች የውጭ ቋንቋዎችን ነበር። በዚያ ላይ የዚያ ዘመን የአማርኛ መጻፊያዎች የግዕዙን ፊደል መልክ ብቻ ነበር የሚሰጡት፤ ከሥር የሚቀመጠው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ነው። ለዓይን «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ደብዳቤ ለጃውስ የላቲን ፊደል፣ የነጠላ ሰረዝና የቅንፍ ዝርክርክ ነበር። አንድ ጊዜ ከአንድ መሥሪያ ቤት በፍሎፒ ዲስክ የተሰጠኝን ደብዳቤ ከፍቼ እስከ መጨረሻው ሰማሁት፤ ከደብዳቤው የገባኝ ቀኑ ብቻ ነው፤ ቁጥሩ በእንግሊዝኛው መንገድ ተጽፎ ስለነበር። ደብዳቤው የመጣው ለእኔ ነበር፤ ያነበበልኝ ግን ሌላ ሰው ነው።

ያንን ችግር ከሥሩ የፈታው ለየቋንቋው ፊደል የየራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ የተባለው ሥርዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ፊደላችን የራሱን ቁጥሮች አገኘ። «ሀ» 4608 ሆነች፤ ከእንግሊዝኛው ፊደል ጋር መጋራት ቀረ። ከዚያ ወዲህ በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ ያው አማርኛ ነው፤ ይፈለጋል፣ ይቀዳል፣ ይነበባል። ለእኛ ትርጉሙ ከዚህም ይበልጥ ነበር። ማሽኑ አማርኛ ማንበብ እንዲችል መጀመሪያ አማርኛ መሆኑን ማወቅ ነበረበት፤ አሁን አወቀ።

ሌላው ቶሎ ቶሎ ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ማይክል ከራን የተባለ አውስትራሊያዊ ዓይነ ስውር ወጣት ኤንቪዲኤ የተባለውን ስክሪን ሪደር፣ ማለትም እንደ ጃውስ ስክሪኑን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም፣ መጻፍ ጀመረ፤ በልጅነቱ የሙዚቃ ካምፕ ውስጥ የተዋወቀው ጀምስ ቴ፣ እሱም ዓይነ ስውር፣ ተቀላቀለው። ኤንቪዲኤ ያለ ክፍያ ነው የሚሰጠው፤ አርባ ደቂቃ የሚባል ነገር የለም። አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የተባለው ድምፅ አማርኛም ያነብባል። ድምፁ ደረቅ ነው፤ ያልለመደው ሰው ሲሰማው ይጨነቃል፤ እኔ ግን ልብ ወለድ ሳይቀር በእሱ ሰምቻለሁ። ኋላ ደግሞ መቅደስ እና አምሃ የሚባሉ፣ ሰው የሚመስሉ የማይክሮሶፍት የአማርኛ ድምፆች መጡ። እነዚህ የሚሠሩት ኢንተርኔት ሲኖር ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ መቅደስ ዝም ትላለች፤ ደረቁ ኢስፒክ ግን ኮምፒውተሩ ውስጥ ስለሆነ ማንበቡን አያቋርጥም። ስለዚህ ወዳጆቼን ሁለቱንም ያዙ እላለሁ።

ስልክም እንዲሁ። ቁልፍ የነበራቸውን ስልኮች አምስት ቁጥር ላይ ባለችው ጉብታ ነበር የምንመራባቸው። ጠፍጣፋ መስታወት የሆነው ስልክ ሲመጣ አለቀልን ብለን ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2009 አይፎን ቮይስኦቨር የተባለውን፣ በዚያው ዓመት አንድሮይድ ቶክባክ የተባለውን ስክሪን ሪደር ይዘው መጡ፤ መጀመሪያ በአይፎን፣ ኋላም በአንድሮይድ፣ መስታወቱ ጣት በነካው ቁጥር የነካውን ነገር ስም መናገር ጀመረ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ እዚህ ላይ ልዘርዝር ብል ቦታ አይበቃኝም።

እንግዲህ ማሽኑ አፍ አውጥቷል። የዛሬው ቅሬታዬ የሚነሳው ከዚህ በኋላ ነው።

ሞደሙ ሄዶ ራውተር መጣ። ራውተር አይጮህም። ያለውን ሁሉ የሚናገረው በመብራት ነው፤ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ብልጭ ድርግም። ቤቴ ኢንተርኔት የጠፋ ዕለት ለባለሙያ ደወልኩ። ትሑት ልጅ ነው።

«ጋሼ፣ ሁለተኛው መብራት ቀይ ነው አረንጓዴ?»

«ልጄ፣ እኔ ዓይነ ስውር ነኝ፤ መብራቱን አላየውም።»

«ይቅርታ ጋሼ… እንግዲያው የሚያይ ሰው ያገናኙኝ።»

በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ልጁን ጠብቀኝ ብዬ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ለጀማሪ ሁሉ ስለሚጠቅም ያደረግኩትን በዝርዝር ልንገራችሁ። የዊንዶውስን ቁልፍ ከአር ጋር ተጭኜ ሲኤምዲ ብዬ ስጽፍ የትእዛዝ መስኮቱ ይከፈታል። እዚያ ፒንግ የምትባል ትእዛዝ አለች፤ ሥራዋ ከራስ ደጃፍ ጀምሮ በር በር እያንኳኩ «አላችሁ ወይ?» ማለት ነው። መጀመሪያ 127.0.0.1፤ ይህ የገዛ ኮምፒውተሬ ነው። «ሪፕላይ ፍሮም» ሲል ሰማሁ፤ መለሰ፤ ኮምፒውተሬ ደህና ነው። ቀጥሎ ራውተሩን፤ አድራሻው በብዙ ቤት 192.168.1.1 ነው። የእናንተ የተለየ ከሆነ አይፒኮንፊግ የምትለዋ ትእዛዝ «ዲፎልት ጌትዌይ» ብላ ትነግራችኋለች። እሱም መለሰ። ሦስተኛው 8.8.8.8፤ ይህ የጉግል ሰርቨር ነው፤ ከቤቴ ውጭ ያለው ዓለም መኖሩን የምጠይቅበት። «ሪኩዌስት ታይምድ አውት»፤ አራቴም ያው። ቢመልስ ኖሮ አራተኛው እርምጃ በቁጥር ፋንታ የአንድን ድረ ገጽ ስም ጽፎ መጠየቅ ነበር፤ ቁጥሩ መልሶ ስሙ ዝም ካለ፣ ስምን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ዲኤንኤስ የተባለው ክፍል ታሟል ማለት ነው።

ወደ ስልኩ ተመለስኩ። «ልጄ፣ ኮምፒውተሬ ይመልሳል፣ ራውተሩ ይመልሳል፣ ከራውተሩ ወዲያ ያለው ግን አይመልስም። ችግሩ ከቤቴ ውጭ ነው።» ትንሽ ዝም አለና «እሺ ጋሼ፣ መስመሩን እናያለን» አለኝ። በማግስቱ ተስተካከለ።

ልጁን አልወቅሰውም። መብራቱ ምን ይመስላል ብሎ እንዲጠይቅ ተምሯል፤ ደዋዩ ማየት የማይችል ሊሆን እንደሚችል የነገረው ግን የለም። እኔን የሚያሳስበኝ ነገሩ በየቦታው መደጋገሙ ነው። ገንዘብ የማንቀሳቅስበትን መተግበሪያ ስከፍት ቶክባክ «ያልተሰየመ በተን፣ ያልተሰየመ በተን» ይለኛል። ከመካከላቸው የትኛው «ላክ»፣ የትኛው «ሰርዝ» እንደሆነ ለማወቅ ሰው መለመን አለብኝ፤ ለሰውየውም የገዛ ሂሳቤን አሳየዋለሁ። ለበተን ስም መስጠት ለሠራው ባለሙያ የአንድ መስመር ሥራ ነው።

ከሁሉ የሚከነክነኝ ግን ማስታወቂያው ነው። የሥራ ቅጥር፣ የፈተና ውጤት፣ የስብሰባ ጥሪ፣ የለቅሶ መርዶ ሳይቀር ዛሬ ቴሌግራም ላይ የሚለጠፈው ማኅተም ያረፈበት ወረቀት በስልክ ፎቶ ተነስቶ ነው። ስክሪን ሪደሬ «ፎቶ» ብሎ ያልፈዋል። ያ ወረቀት ኮምፒውተር ላይ ሲጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ነበረው፤ «ሀ» 4608 ነበረች። ታትሞ ፎቶ ሲሆን ያ ሁሉ ጠፋ። ያኔ በፍሎፒው ዘመን ማሽኑ አማርኛ አያውቅም ነበርና አንፈርድበትም፤ ዛሬ የሚያውቀውን ማሽን የሚነበብ ነገር ነው የነፈግነው። ፎቶ ላይ ካለ ጽሑፍ ፊደል የሚለቅሙ መሣሪያዎች አሉ፤ የደበዘዘና ማኅተም የተደረበበት አማርኛ ላይ ግን ቃል እየዘለሉ፣ ቁጥር እያምታቱ ነው። የምዝገባ ቀን በግምት አይነበብም።

አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላለች። የስምምነቱ አንቀጽ 9 የመንገድና የሕንፃ ብቻ ሳይሆን የመረጃና የመገናኛ ቴክኖሎጂ ተደራሽነትንም በስም ይጠራል። ሕግ አጣን አልልም።

ደግሞ ይህ የእኛ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንድ እጃቸው የማይታዘዛቸው ሰው ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ መጫን ሲያቅታቸው፣ ሺፍትን አምስት ጊዜ ደጋግመው ቢመቱ «ስቲኪ ኪስ» የተባለው ይመጣላቸዋል፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ መጫን ይቻላል። ይህ ዘዴ ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ አለ፤ የመነጨውም በአሜሪካው የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ትሬስ ሴንተር ከተሠራ ሥራ ነው። ዓይናቸው የደከመ እናት የዊንዶውስን ቁልፍ ከመደመር ምልክቱ ጋር ቢጫኑ ስክሪኑ ይጎላላቸዋል። ኮንትሮል፣ ዊንዶውስና ኢንተር አንድ ላይ ሲጫኑ በአዲሱ ዊንዶውስ ናሬተር ማንበብ ይጀምራል። በአብዛኞቹ አንድሮይዶች ሁለቱን የድምፅ ቁልፎች ለሦስት ሰከንድ ያህል አንድ ላይ መያዝ ቶክባክን ያስነሳል። አንዱም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሁሉም አሁን እጃችሁ ላይ ባለው መሣሪያ ውስጥ ተኝቷል። የኮምፒውተር ሥልጠና የምትሰጡ፣ ከመጀመሪያው ሳምንት ትምህርታችሁ ውስጥ አስገቡት፤ ክፍላችሁ ውስጥ ማን ምን እንደሚቸገር ተማሪው እስኪነግራችሁ አትጠብቁ፤ ብዙው ሰው አፍሮ ዝም ይላል።

ማስታወቂያ የምትለጥፉ ወገኖቼ፣ ፎቶውን ለጥፉት፤ ማኅተሙ እንዲታይ ነውና አልቃወምም። ከሥሩ ግን ጽሑፉንም ገልብጣችሁ አስቀምጡልን። አዲስ ልትጽፉት አይደለም፤ ወረቀቱ ሳይታተም በፊት የተጻፈበት ፋይል እዚያው ኮምፒውተራችሁ ላይ አለ።