ሌባው ያልወሰደው፣ እኛ ግን ያጣነው



ይህን የምንጽፈው እኛ ላይ የደረሰው ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ነው። ከጥፋቱ ግማሹ የራሳችን ስለሆነ ግን እያፈርን ነው የምንጽፈው።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ከረመዳን የመጨረሻ አሥር ሌሊቶች በአንዱ፣ ቤተሰቡ በሙሉ ለተራዊሕ መስጂድ ሄድን። ስንመለስ የሳሎኑ በር ገርበብ ብሎ ጠበቀን። ቴሌቪዥኑ የለም። የልጃችን ላፕቶፕ የለም። ከእናታችን የወረስነው ጥንድ የወርቅ አምባርም ከቁም ሳጥኑ ወጥቷል። የተሰበረ ነገር ግን አልነበረም።

አጥራችን ላይ የጠርሙስ ስባሪ አለ፤ የግቢው በር ወፍራም ብረት ነው። ነገር ግን ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እንዲከፍቱ ብለን የግቢውንም የሳሎኑንም ትርፍ ቁልፍ አጥሩ ላይ ባለው የቆጣሪ ሳጥን ውስጥ እናስቀምጥ ነበር። ግመሉን ሳያስር በአላህ ሊመካ የፈለገውን ሰው፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መጀመሪያ እንዲያስረው እንዳዘዙት ስንት ጊዜ ሰምተናል! እኛ አስረን የገመዱን ጫፍ ለመንገደኛ ሰጠነው።

ምንም ስላልተሰበረ “ይህ የሚያውቀን ሰው ሥራ ነው” አልን። ትዝ ያለን ረመዳን ሊገባ ሲል ቧንቧ የጠገነልን የጎረቤታችን ልጅ ነው። ቁልፉ የት እንዳለ ራሳችን ነግረነው ነበር። ስሙን ለፖሊስ ሰጠን። ልጁ ለካ ኢዕቲካፍ ገብቶ ኖሯል። በጀመዓው ፊት ተጠርቶ ከመስጂድ ወጣ። ከገባ ጀምሮ ከዚያ እንዳልተለየ ሁሉም መሰከሩለትና በዚያው ቀን ተለቀቀ። ልጆቻችን በየቀኑ ከሳጥኑ ቁልፍ ሲያወጡ መንገድ ላይ ያለ ሁሉ እንደሚያያቸው ያሰብነው ከዚህ በኋላ ነው። እውነተኛው ሌባ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

የልጁ እናት አልተቆጡንም። በጉርብትና በኖርንባቸው ዓመታት ጠዋት ጠዋት በራፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ሽንኩርት እየላጡ መንገዱን ያዩ ነበር። እንግዳ ሰው በራችን ላይ ከቆመ “ማንን ፈልገህ ነው?” ይሉታል። ከዚያ ቀን በኋላ በራቸውን ዘግተው ውስጥ ዋሉ።

ያኔ ሌባን የሚያስቀረው ምን እንደሆነ ማጠያየቅና ማንበብ ጀመርን። አሜሪካ ውስጥ የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ሻርሎት ተመራማሪዎች በቤት ስርቆት የታሰሩ 422 ሰዎችን ጠይቀው ነበር። ቤት ሲመርጡ ከሚያመዛዝኗቸው ዋና ነገሮች አንዱ በአቅራቢያ ሰው መኖሩ ነው። ማምለጫ መንገድን፣ ደወልን፣ ካሜራንና ውሻንም ያያሉ። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ሮችዴል ከተማ ኪርክሆልት የሚባል ሰፈር አለ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እዚያ አንዴ የተሰረቀ ቤት ተመልሶ ይሰረቅ ነበር። ሳንቲም የሚጨመርባቸውን የመብራትና የጋዝ ቆጣሪዎች ቀየሩ፣ መቆለፊያ አጠናከሩ፣ በተሰረቀው ቤት ዙሪያ ያሉ ጥቂት ጎረቤቶችም ቤቱን እንዲጠብቁ አደረጉ። ስርቆቱ በእጅጉ ቀነሰ።

እኛ ያደረግነውንም እንንገራችሁ።

ቁልፍ ከቤት ውጭ ማስቀመጥ ቀረ። ይህ ምንም አያስወጣም። የሳሎኑን ቁልፍ ቀየርን፣ ከውስጥ መቀርቀሪያ ጨመርን። ብረት ላልነበረው የማድ ቤቱ መስኮት ብየዳ ቤት ፍርግርግ አሠራን። ማታ ስንወጣ ውስጥ አንድ አምፖል እናበራለን፣ ሬዲዮ እንከፍታለን። በሩ ላይ ሰው ሲያልፍ የሚበራ የሶላር መብራት ሰቀልን፤ ሰፈሩ መብራት ሲጠፋበት እንኳ ይሠራል። ርካሽ ካሜራም ገዝተናል፤ መብራትና ኢንተርኔት ሲቋረጥ ግን ከጌጥ አይሻልም። የጠርሙስ ስባሪው ብዙ አልጠቀመንም። ረጅም አጥርም ቢሆን አንዴ ለገባ ሌባ መጋረጃ ነው፤ ከመንገድ የሚያየው የለም። ውሻ ጩኸቱ ይጠቅማል፤ ሐዲሡ ለከብት፣ ለእርሻና ለአደን የፈቀደውን ብዙ ዑለሞች ለቤት ጥበቃም እንደሚያውሉት ሰምተናል፤ እኛ ግን ቦታም ስለሌለን ተውነው።

ፖሊስ ጣቢያ የቴሌቪዥኑንና የላፕቶፑን መለያ ቁጥር ሲጠይቁን መልስ አልነበረንም። አሁን ሁሉንም ደብተር ላይ ጽፈናል። ለዒድ አገር ቤት ስንሄድም ፎቶ የምንለጥፈው ከተመለስን በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ ተደምሮ ከጠፋው ላፕቶፕ ዋጋ አይደርስም። በገንዘብ ልንገዛው ያልቻልነው የእናትየዋን ዓይን ነው።

በዒድ ማግስት ቤታቸው ሄደን “እናታችን፣ አፉ ይበሉን” አልናቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ “የጠረጠራችሁት ልጄን ብቻ አይደለም፣ አሳደጊውንም ነው” አሉን። “አፉ ብያለሁ፣ ለአላህ ብዬ።” በራፋቸው ላይ ተመልሰው የተቀመጡት ግን ከወራት በኋላ ነው። ዛሬ ትርፍ ቁልፋችን እሳቸው ዘንድ ነው፤ ልጆቹም ከትምህርት ቤት ሲመጡ መጀመሪያ እሳቸውን ሰላም ብለው ይቀበላሉ። ልጁ መንገድ ላይ ሰላምታችንን ይመልሳል። ቤታችን ግን እስከ ዛሬ አልገባም። አንፈርድበትም።

ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ ማታ ሁለት ነገር አድርጉ። ቁልፋችሁ የት እንዳለ እዩ። ጎረቤታችሁንም አንኳኩና ሰላም በሉ። ከተሰረቃችሁ ደግሞ የሰው ስም ከመጥራታችሁ በፊት መጀመሪያ የራሳችሁን በር መርምሩ።

አላህ ቤታችሁንም ጉርብትናችሁንም ይጠብቅላችሁ። አሚን።